ማን አለ?

በአማርኛ ውስጥ እንደ ‹አለ› ያለ ለፍቶ አዳሪ ግስ የለም። ሌሎቹ ግሶች ሥራቸውን ለይተው ይዘዋል፤ ‹አረሰ› ያርሳል፣ ‹ፈተለ› ይፈትላል፣ ‹ጋገረ› ይጋግራል፤ ሲመሽ ሁሉም ወደየቤታቸው ይገባሉ። ‹አለ› ግን ቀን ከሰው ጋር ሲያወራ ውሎ ማታ ከበር፣ ከድስት፣ ከጅብና ከነጎድጓድ ጋር ያድራል። በሩ ሲጥ ይላል፣ ድስቱ ቱግ ይላል፣ ሰማዩ ጓ ይላል።

ይህስ ይሁን፤ ድምፅ ያለው ነገር ‹አለ› ቢባል አይገርምም። የሚገርመው ድምፅ የሌለው ሁሉ ‹አለ› መባሉ ነው። ኮከብ ብልጭ ትላለች። ጀንበር ጥልቅ ትላለች። ሰው ቁጭ ይላል፣ ብድግ ይላል፣ ጎንበስ ቀና ይላል፤ ይህን ሁሉ ሲያደርግ አፉን እንኳ አይከፍትም። አማርኛ ግን ሁሉንም ‹አለ› ብሎ ይመዘግባል። ‹ቁጭ አለ ማለት ምን አለ ማለት ነው?› ብሎ የሚጠይቅ ነገረኛ ቢመጣ መልስ የለንም። ቁጭ አለ፣ በቃ።

ይህን ግስ በሥራ ላይ ማየት የሚፈልግ ሰው ከጎንደር ወደ ሳንጃ በሚወርድ ሚኒባስ ይሳፈር። መኪናው ገና ከመናኸሪያ ሳይወጣ ረዳቱ ሥራውን ይጀምራል።

‹ጠጋ ጠጋ በሉ!›

‹ኧረ ልጄ፣ ወዴት ጠጋ እንበልልህ? ቆርቆሮው ውስጥ?› ይላሉ ጋቢ የለበሱ እናት።

‹እማማ፣ ትንሽ ሰብሰብ ይበሉ እንጂ፤ ቦታው እኮ ሰፊ ነው።›

‹ሰብሰብ ብዬ ብዬ አለቅሁ እኮ! ከዚህ በላይማ እጥፍ ልበልልህ?›

ለሦስት ሰው በተሠራው ወንበር ላይ አራተኛው ጥልቅ ይላል፣ ከመስኮቱ በኩል ያለው ጭብጥ ይላል፣ ሕፃኑ እሪ ይላል፣ ረዳቱ በሩን ጓ አድርጎ ዘግቶ ‹ሳበው!› ይላል። ከዚህ ሁሉ ‹አለ› ውስጥ በአፍ የተባለው ጥቂት ነው። የቀረው የተባለው በዳሌ ነው።

መንገዱ በትክል ድንጋይ አድርጎ ከላይ አርማጭሆ ወደ ታች አርማጭሆ ሲያሽቆለቁል ደግሞ ሌላ ‹አለ› ይመጣል። ጎንደር ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናትና ቁልቁለቱ ሲጀምር ጆሮ ድፍን ይላል። ደጋ ላይ የተደረበው ሹራብ ከበድ ይላል። ሆዱ የባባ ተሳፋሪ ‹ሾፌር፣ ቀስ በል› ይላል፤ ሾፌሩም እሺ ይላል፤ መኪናው ግን ያው ሽው ይላል። የከተማዋን ስም ሰምቶ የጠመንጃ አፈሙዝ ላይ የሚሰካውን ሳንጃ ያሰበ እንግዳ በመንገድ ላይ ትንሽ ክው ሊል ይችላል። ሲደርስ የሚያገኛት ግን ሰሊጥ፣ ማሽላ፣ ከብትና ፍየል የሚሸጥ የሚለወጥባት፣ በስሟ የሚጠራ ወንዝ ያላት የቆላ ከተማ ናት።

የሳንጃ ገበያ ለ‹አለ› የትውልድ መንደሩ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ላሟ እምቧ ትላለች። አውራ ዶሮው እግሩ ታስሮ እንኳ ኩኩሉ ይላል። ሚዛኑ ቀጭ ይላል። ከዚህ ሁሉ በላይ ግን ዋጋው ራሱ ይናገራል።

‹ዛሬ ሰሊጥ እንዴት ነው?›

‹ትናንት ከፍ ብሎ ነበር፤ ዛሬ ረገብ ብሏል።›

‹እና አንተ ስንት ትላለህ?›

‹አንተ በል እንጂ፤ ገዥው አንተ።›

‹ኧረ አንተ በል፤ ባለቤቱ እያለ እኔ ምን እላለሁ?›

እንዲህ ‹በል በል› ሲባባሉ ፀሐይዋ አናት ትበሳለች። ሁለቱም አንድ ነገር ያውቃሉ፦ ቀድሞ ያለ ሰው ባለው ይያዛል። ዋጋ ከአፍ ከወጣ ባለቤት አለው፤ ወደ ላይ መግፋት አይቻልም፣ መካድም ነውር ነው። ደላላው ብቻ ነው በዚህ የማይያዘው። እሱ ‹ጎንደር ላይ ጨመር ብሏል አሉ› ብሎ ያልፋል። ማን እንዳለ አይጠየቅም፤ ቢጠየቅም ‹አሉ› ነው መልሱ። ስለዚህ ሰውዬ ‹አሉ› ዝቅ ብለን እንመለስበታለን።

ሰሊጥ ከዚህ ወጥቶ አዲስ አበባ ሲገባም ከ‹አለ› እጅ አላመለጠም ነበር። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2000 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር፣ ይኸው የእኛ አካባቢ ሰሊጥም ‹ሁመራ ጎንደር› በሚል ስም ወደዚያ ሲገባ፣ ግብይቱ በጩኸት ነበር። ሻጭና ገዥ ባለ ቀለም ካፖርት ለብሰው መሐል ሜዳ ላይ ዋጋ ይጠራሩና ሲስማሙ እጅ ለእጅ ጧ ያደርጋሉ። ያቺ ጧ ውል ናት። በኋላ ኮምፒዩተር መጣና ጩኸቱ ጸጥ አለ። ሳንጃ ላይ ግን ሰው ዛሬም የሚያምነው በአፍ የተባለውን ነው።

ሰሊጥን ካነሣን አይቀር፣ ይህ ግስ ከሚሠራቸው ሥራዎች ሁሉ ረቂቁን ሰሊጥ አምራቹ በኪሱ ያውቀዋል። አማርኛ ከአንድ ግስ ሁለት ዓይነት ‹አለ› ያወጣል፤ አንዱ ለዘብ ያለ፣ አንዱ ጠንከር ያለ። ከ‹ተከፈተ› ‹ከፈት አለ› እና ‹ክፍት አለ› ይወጣሉ። ከ‹ተሰበረ› ‹ሰበር አለ› እና ‹ስብር አለ› ይወጣሉ። የመጀመሪያው በትንሹ ነው፤ ሁለተኛው በድንገትና በሙሉ። የሰሊጥ ፍሬ መያዣው ጫፉን ከፈት ማለት ሲጀምር ‹አጨዳው ደርሷል› ማለት ነው። ክፍት ካለ ግን ፍሬው መሬት ላይ ረግፏል፤ የዓመት ልፋት ለወፍና ለጉንዳን ሆኗል። ለዚህ ነው በመስከረም ማለቂያና በጥቅምት ከደጋው፣ ከጎጃምም ከወሎም ሳይቀር ብዙ የጉልበት ሠራተኛ ወደ ቆላ የሚወርደው። በ‹ከፈት› እና በ‹ክፍት› መካከል ያለችው ጊዜ ጠባብ ናት።

ያ ከደጋ የወረደ ጎልማሳ ደግሞ ትንሽ ሰንብቶ ‹አለ›ን በሌላ መንገድ ይተዋወቀዋል፤ ጤና ጣቢያ ውስጥ።

‹ምን ሆነህ ነው?›

‹ብርድ ብርድ ይለኛል።›

‹ከዚያስ?›

‹ከዚያ ትኩስ ትኩስ ይለኛል። ራሴን ፍልጥ ፍልጥ፣ ጉልበቴን ቁርጥም ቁርጥም ያደርገኛል። እህል ሲቀርብ ወደ ላይ ወደ ላይ ይለኛል።›

‹በቃ፣ ደም ስጥ።›

ባለሙያው ከዚህ በላይ መስማት አያስፈልገውም። የወባ ተሕዋስ በቀይ የደም ሕዋስ ውስጥ ተራብቶ ሕዋሱን ሲያፈነዳ ብርዱ ይመጣል፤ ከብርዱ በኋላ ትኩሳቱ፣ ከትኩሳቱ በኋላ ላቡ። ይህ ዙር እየደጋገመ ይመላለሳል። አማርኛም ቃሉን ሁለት ጊዜ ደጋግሞ ‹ብርድ ብርድ› ይላል። ልብ በሉ፣ እዚህ ላይ የሚናገረው ሰውዬው አይደለም፤ ብርዱ ነው ‹የሚለው›። ታማሚው መልእክቱን ተቀብሎ ለሐኪም የሚያደርስ ብቻ ነው። ደስታም እንዲሁ ነው፤ ‹ደስ አለኝ› እንላለን እንጂ እኛ ራሳችን ምንም አላልንም። ቅር ይለናል፣ ውል ይለናል፣ ጭንቅ ጥብብ ይለናል። ስሜቶቻችን ሁሉ አፍ አውጥተው ይነግሩናል፤ እኛ ሰሚዎች ነን።

እስካሁን ስለ ድምፅ ተናገርን፤ የ‹አለ› ትልቁ ሙያ ግን ዝምታ ላይ ነው። የተናገረም ‹አለ›፣ ያልተናገረም ‹ዝም አለ› ነው። አማርኛ ለንግግር ያላትን ግስ ወስዳ ለዝምታ አለበሰችው። ለዚያውም ዝምታን በጅምላ አትሸጥም፤ በችርቻሮ ነው የምትሸጠው።

‹ዝም አለ› ሲናገር የነበረ ወይም ሊናገር የሚችል ሰው ነው። ‹ጭጭ አለ› ደግሞ የሚያውቀው ነገር እያለ አፉን የለጎመ ነው፤ ልጅ ስኳሩን ማን እንደላሰው ሲጠየቅ ጭጭ ይላል። ‹ጸጥ አለ› የብዙ ሰው ነው፤ ጉባኤ፣ ክፍል፣ አገር። ከዚህም ‹ጸጥታ› የሚባለው ወጥቶ መሥሪያ ቤት እስከ መሆን ደርሷል። ‹ጭር አለ› የቦታ ነው፤ ገበያ ሲበተን፣ ደጅ ሰው ሲያጣ ነው። ‹እርጭ አለ› የሌሊት ነው፤ ውሻ እንኳ ሲተኛ። ባሏ ዝም ያለባት ሴትና ቤቷ ጭር ያለባት ሴት ችግራቸው የተለያየ ነው፤ ለአንዷ ሽማግሌ ይላክላታል፣ ለሌላዋ እንግዳ።

ይሄ ‹ዝም ብሎ› የሚባለው ደግሞ ጭራሽ ከዝምታም ወጥቷል። ‹ለምን መጣህ?› ሲባል ‹ዝም ብዬ› ይላል፤ ያለ ምክንያት ማለቱ ነው። ‹ዝም ብለህ ተናገር› ይባላል፤ ተናጋሪውም ይህን ትእዛዝ ያለ ምንም ግራ መጋባት ይፈጽማል። ‹ዝም ብለሽ ጩኺ፣ ጎረቤት ይሰማል› የተባለች ሴት ዝም ብላ አታውቅም፤ ጮኻ ነው የምትገኘው።

ወደ ሊቃውንቱ እንሂድ። የዚህ ግስ አያት በግእዝ ‹ብህለ› ነው። ከዚያ የመጣችው ‹በ› በአማርኛው ውስጥ ቆላ እንደ ወረደ ሽፍታ ናት፤ ‹አለ› እና ‹ይላል› ላይ ትሰወርና ‹በል›፣ ‹ብሎ›፣ ‹ባይ›፣ ‹ተባለ› ላይ ድንገት ከጫካ ብቅ ትላለች። ‹ማለት› ላይ ተመልሳ ትጠፋለች። ግእዙ ራሱም ቢሆን ቀጥ ያለ አይደለም። ‹ይቤ› የሚለው ቃል መልኩ ገና የሚመጣ ነገር ይመስላል፤ ፍቺው ግን ‹አለ› ነው፣ ያለፈ። የቆሎ ተማሪ ግስ ሲያጠና ከሚታገላቸው ነገሮች አንዱ ይኸው ነው።

‹ባህል› የምንለውም ቃል የዚሁ የ‹ብህለ› ልጅ ነው፤ በግእዝ ነገር፣ ንግግር፣ ሲባል የመጣ ማለት ነው። እንግዲህ አንድ ሰው ደረቱን ነፍቶ ‹ባህላችን ነው!› ሲል ‹እንዲህ ሲባል ሰምተናል› ማለቱ ነው። ክብሩን አይቀንሰውም፤ ግን ደረቱን ትንሽ መለስ ያደርገዋል።

ጎንደር ደግሞ ለዚህ ግስ ሌላ ማዕረግ ሰጥታዋለች። የመጻሕፍት ትርጓሜ ‹ላይ ቤት› እና ‹ታች ቤት› ተብሎ የተለየው በእሷ ነው፤ ታች ቤት በ18ኛው ምዕት ዓመት ከነበሩት ከመምህር ኤስድሮስ ስም ጋር ይነሣል። አርማጭሆ ብቻ አይደለም ላይና ታች ያለው ማለት ነው። በዚያ ትርጓሜ ውስጥ ‹እንዲል›፣ ‹ሲል ነው›፣ ‹ማለት ነው› የሚሉት ቃላት ምሰሶ ናቸው። መምህሩ አንድ ቃል ሲፈታ ከየት እንዳገኘው ‹እንዲል› ብሎ ምስክሩን ያቆማል። ያለ ምስክር ማለት ነውር ነው። ቅኔ ቤትም ተቀኚው አሳምሮ ሲዘርፍ ጉባኤው ‹ይበል! ይበል!› ይላል። የ‹አለ› ዘር ከፍ ካለበት ቦታ ሁሉ ከፍተኛው ይህ ይመስለኛል።

ይህን ግስ ለውጭ ሰው ማስረዳት ቀላል ሥራ አይደለም። የአማርኛን ሰዋስውና መዝገበ ቃላት እ.ኤ.አ. በ1698 ፍራንክፈርት ላይ ያሳተመው የጀርመናዊው የሂዮብ ሉዶልፍ መምህር አባ ጎርጎርዮስ ነበሩ፤ የተገናኙት እ.ኤ.አ. በ1649 ሮም ውስጥ ነው። ያን ጊዜ ጎንደር በአፄ ፋሲል ከተቆረቆረች ገና ብዙ አልቆየችም። አባ ጎርጎርዮስ ‹ቁጭ አለ› የሚለውን ለዚያ ፈረንጅ ሲያስረዱ ምን እንዳሉ ባውቅ ደስ ይለኝ ነበር። ‹ሰውየው ምን አለ?› ብሎ እንደሚጠይቃቸው አልጠራጠርም።

ደግነቱ ብቻችንን አይደለንም። ትግርኛ ‹ስቕ በለ› ይላል፣ ኦሮምኛ ‹ጨል ጄዼ› ይላል፤ ሁለቱም ዝምታን በ‹አለ› ነው የሚናገሩት። እ.ኤ.አ. በ1976 ቻርልስ ፈርጉሰን የተባለ አሜሪካዊ የቋንቋ ሊቅ የኢትዮጵያ ቋንቋዎች ዘራቸው ቢለያይም ጉርብትና ያመሳሰላቸው መሆኑን ሲዘረዝር፣ ከጠቀሳቸው ምልክቶች አንዱ ይኸው በ‹አለ› የሚሠራው ግስ ነበር። እርስ በርሳችን ባንስማማ እንኳ ዝም ስንል አንድ ዓይነት ነን።

አሁን ወደ ችግሩ እንምጣ። ይህ ግስ ሲጻፍ መንታ አለው። ‹አለ› ላልቶ ሲነበብ ተናገረ ነው፤ ‹ለ› ጠብቃ ስትነበብ ግን መኖር ነው። ፊደላችን መጥበቅን አያሳይም። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት ‹ፍቅር እስከ መቃብር› ላይ በሚጠብቁት ፊደሎች አናት ነጥብ አድርገው ነበር፤ ብዙ ተከታይ ግን አላገኙም። ስለዚህ ጎንደር ያለ ነጋዴ ሳንጃ ላለ ሸሪኩ በስልክ ‹ሰውየው አለ?› ብሎ ይጽፋል፤ እዚያ መኖሩን ሊጠይቅ ነው። ሸሪኩ ‹ምን?› ብሎ ይመልሳል። ‹አለ ወይ ነው የምልህ› ይላል ነጋዴው። ‹ምኑን?› ይላል ሸሪኩ። በመጨረሻ ይደዋወላሉ፤ ድምፅ ሲሰማ ነገሩ በአንድ ጊዜ ይጠራል። የተጻፈውም እንዲህ ሆኖ ይቀራል፦ ‹አለ አለ›።

የአክብሮቱ ይብሳል።

‹ቄሰ ገበዙ አሉ?›

‹አሉ።›

‹ምን አሉ?›

‹ኧረ ምንም አላሉም! አሉ ነው የምልህ!›

ደግሞ የዘንድሮው ‹ማለት ነው› አለ። ከሊቃውንቱ ጉባኤ ወጥቶ በየስብሰባው፣ በየሬዲዮው ሥራ አግኝቷል። ‹መንገዱ ተጠግኗል ማለት ነው፣ ውኃውም ይመጣል ማለት ነው፣ ኅብረተሰቡም ደስተኛ ነው ማለት ነው።› በዱሮው ጊዜ ‹ማለት ነው› የሚባለው ስውሩ ሲገለጥ ነበር፤ አሁን ግልጹን ለመሰወር ነው። ውኃው ይመጣል ማለት ነው ሲባል የሰማ ሰው ጀሪካኑን ይዞ ወንዝ መውረዱን አይተውም።

ከዚህ ሁሉ ቤተሰብ ውስጥ ግን እኔን የሚያሳስበኝ ያ ቀደም ብለን የተውነው ‹አሉ› ነው። ማን ናቸው እነዚህ ‹አሉ›? አድራሻቸው የት ነው? አያርሱ፣ አይነግዱ፣ ግብር አይከፍሉ፤ ሲናገሩ ብቻ ይኖራሉ። የአለቃ ገብረ ሐናን ጨዋታ ሁሉ የምናወራው በእነሱ ስም ነው፤ ‹አለቃ እንዲህ አሉ አሉ› እንላለን። የመጀመሪያው ‹አሉ› የአለቃ ነው፣ ሁለተኛው የማን እንደሆነ አይታወቅም፤ አለቃ በሕይወት ቢኖሩ ያላሉትን ሲሰሙ ከሁላችንም በላይ የሚስቁት እሳቸው ይመስሉኛል። የ‹አሉ› የበኩር ልጅ አሉባልታ ነው። ታናሹ ደግሞ ይሉኝታ ነው፤ ‹ምን ይሉኝ› ብሎ የሚሰጋ። ሠርግ ሲደገስ በሬው ሁለት የሚሆነው ለእንግዳው ብዛት አይደለም፤ ለእነዚህ ለማይታወቁት ‹ባዮች› ነው። መጥተው ግን አይበሉም።

እንበል የገበያ ቀን ነው። (‹እንበል› ራሱ የዚሁ ዘር ነው፤ ያልሆነውን እንደሆነ ለመናገር የተሰጠን ፈቃድ።) አንድ አህያ ገመዱን በጥሶ በእንስራ ሻጮቹ መካከል ፈትለክ ይላል። ባለቤቱ ‹ያዙ! ያዙ!› ትላለች። ትንሽ ራቅ ያለው ጎረምሳ ሰምቶ ለጓደኛው ‹ያዙ አሉ› ይለዋል። ጓደኛው ‹ማንን ያዙ?› ሳይል ለሌላው ‹ሰው ያዙ አሉ› ይላል። ከብት ተራ ሲደርስ ‹መጡ አሉ› ይሆናል። ‹እነማን?› የሚል አንድ ሽማግሌ ቢገኝም ‹እንጃ፣ መጡ ነው የሚባለው› ይባላል። ወዲያው አገሩ ይታመሳል። ጨው ይደፋል፣ በርበሬ ይረገጣል፣ ግርግር ለሌባ ያመቻልና ኪስ ይወልቃል። ገበያው ጭር ይላል። አህያው ብቻ ባለቤቱ ጥላው በሮጠችው ጎመን ላይ ቀስ ብሎ ቁርሱን ይበላል። ሰው ሁሉ የሸሸው ከእሱ መሆኑን አያውቅም።

ይህን ገመድ በበጠሰ አህያ ላይ ስናየው ያስቃል። በክፉ ቀን፣ ወሬ ከመኪና ቀድሞ በስልክ በሚደርስበት ጊዜ ግን ‹አሉ› ሰው ያጣላል፣ መንገድ ያዘጋል፣ የገባ እህል ሳይሸጥ ያስቀራል። ቆላው ይህን ደጋግሞ ከፍሎበታል።

ነገሩን ይበልጥ የሚያሳፍረው ደግሞ ተረትና ምሳሌያችን ነው። ‹እኔ ከሞትኩ ሰርዶ አይብቀል አለች አህያ› እንላለን። ‹ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ› እንላለን። አህያ ያለችው በአህያ ስም፣ ጅብ ያለው በጅብ ስም ተመዝግቦ ይኖራል። ለአህያ ንግግር ባለቤት ሰጥተን ለሰው ንግግር ባለቤት ነሣነው።

አባቶቻችን እንዲህ አልነበሩም። በዱሮው ችሎት ሙግት ሲገጠም ከዛፍ ሥር ከሳሽና ተከሳሽ ፊት ለፊት ቆመው ‹በላ ልበልሃ!› ይባባሉ ነበር። አንተ በል፣ እኔም ልበልህ። ዳኛ ተቀምጦ፣ ታዳሚ ከቦ፣ አንዱ ያለውን ሌላው በቃሉ ይይዘዋል፤ በነገሩ ላይ ይወራረዱበታል። እዚያ ላይ ‹አሉ› ቢመጣ መቆሚያ የለውም። ዘራፍ ብሎ የሚፎክረውም ያው ነው፤ ስሙን ጠርቶ፣ የአባቱን ስም ጠርቶ፣ ዋለ የተባለበትን ጠርቶ ነው። ውሸት አይገባበትም ማለቴ አይደለም፤ ይገባበታል። ግን ውሸቱ እንኳ ባለቤት አለው።

ሰሊጥ ገበያ ላይ ያሉት ሁለቱ ሰዎች ‹አንተ በል፣ አንተ በል› ሲሉ የቆዩት ለዚህ ነው፤ ያለ ይያዛልና። ለኩንታል ሰሊጥ ይህን ያህል ከተጠነቀቅን ለሰው ስምና ለአገር ሰላም እንዴት እናንሳለን? ስለዚህ አንባቢዬ፣ ነገ ጧት ‹እንዲህ አሉ› የሚል ወሬ ሲደርስህ ለጎረቤት ከማድረስህ በፊት አንድ ጥያቄ ጠይቅ፦ ‹ማን አለ?› አላልተህም አጥብቀህም ጠይቀው፤ ማን ተናገረ፣ እዚያ ቦታስ ማን ነበር? ስም ያለው ሰው ከተገኘ ‹እገሌ አለ› በል። አንተ ራስህ ከሆንህ ‹እኔ አልኩ› በል። ማንም ካልተገኘ ግን ቋንቋችን ለዚህ ያዘጋጀችው ጥሩ ቃል አላት፤ ጭጭ በል።